«ከዚያስ?» የሚሉት ኦቦ ዲሪርሳ

በየከተማው ሰውን በቁጣ ሳይሆን በጥያቄ የሚያርድ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የቡራዩው ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ጠጥተው ሲነዱ የተያዙ ወጣቶች ለምክር የሚላኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ክቡር አማካሪያችን ግን አይቆጡም፣ አይመክሩም፤ «አካም ጅርታ ልጄ?» ብለው ሰላምታ ይሰጡና ጃንጥላቸውን ተደግፈው ይጠይቃሉ።

«ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ኦቦ።»

«ከዚያስ?»

«ሦስተኛውን ጓደኞቼ ጋበዙኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» አለ የሚኒባስ ሹፌሩ ገመቺስ። «ሴትዮዋ።»

ገፈርሳ መታጠፊያው ላይ፣ የወተት ጀሪካን የተሸከመች ሴት ከጎማው ሥር ለጥቂት ተርፋ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኦቦ ጀሪካን አሸክመው እዚያው መታጠፊያ ላይ በእግሩ አስኬዱት። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ክቡርነታቸው ከኋላ ሆነው፣ «ይሄኛው ሹፌር ያየህ ይመስልሃል?» ይሉታል። ገመቺስ ከዚያ ወዲህ ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ ያችን ጃንጥላ ፈራ።

መንጃ ፈቃዱ በተመለሰ በወሩ ጓደኛው ቦሩ ሲያገባ ሚዜ ሆነ። ገመቺስ ሁለት ብርሌ ጠጅ እንደጠጣ፣ ሌላው ሚዜ ያቤጽ የሙሽሮቹን መኪና ቁልፍ ወረወረለት።

«ንዳ እንጂ! አንተም ሹፌር ተብለህ!»

መንገዱ ወደ ሆለታ ነው፤ በዚያው መታጠፊያ። ሙሽራዋ ኤቢሴ ከኋላ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ያዜማሉ፦

እናቷ ደጅ ቆማ እጇን ዘርግታለች፣
በሰላም አድርሱልኝ፣ ዓይኔ ናት ትላለች።

ገመቺስ መሪውን ሲጨብጥ በረዶ የነካ መሰለው። እነሳለሁ። ከዚያስ? እታጠፋለሁ። ከዚያስ? ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፣ ለኦቦም ደወለ።

«ፈሪ!» አለ ያቤጽ።

ኦቦ በባጃጅ ደረሱ።

«አንቱ ይንዱልን፣ ኦቦ» አለ ገመቺስ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «መሪ ከጨበጥኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ።»

«ለምን?»

«ጠጥቼ ነበር።»

ገመቺስ በለሆሳስ፣ «ከዚያስ?» አላቸው።

ኦቦ ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ አዩ። «ያንተዋ ሴት ተርፋለች፣ ልጄ። የኔዋ አልተረፈችም።»

ከሰርገኞቹ መሃል መጠጥ የማይቀምሰው ባለሱቁ ሀሰኖ ቁልፉን ተቀብሎ ነዳ። ገመቺስና ኦቦ መንገድ ዳር ቆመው መኪናውን በዓይናቸው ሸኙ። ከመታጠፊያው ወዲያ የሙሽሮቹ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ገመቺስ ያን የሚፈራውን ጃንጥላ ተቀበላቸውና ክንዳቸውን ያዘ።

«ከዚያስ?» አሉ ኦቦ።

«ከዚያማ ቤትዎ ድረስ አብረን በእግራችን እንሄዳለን።»