የእውቀት አስተዳደር ቡድንና የአያ ታረቀ መደርደሪያ

በመሥሪያ ቤት ኑሮዬ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጡረታ የሚወጣው ሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። ባለጡረታው ጋቢ ተሸልሞ፣ ኬክ ቆርሶ ሲሰናበት እውቀቱም አብሮት ይወጣል፤ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ቦርሳ እንጂ ጭንቅላት አይፈትሽም።

ይህ የበላይ አካልን ስላሳሰበ «የእውቀት አስተዳደር ቡድን» ተቋቋመ። አስተባባሪው እኔ ሆንኩ። ለምን አንተ እንዳትሉኝ! ራሴ ምንም ስለማላውቅ፣ የሌላውን ለመያዝ ሰፊ ቦታ አለው ተብሎ ይሆናል።

መጀመሪያ የተሰጡኝ አያ ታረቀ ነበሩ። በዜማ ቤት አድገው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎንደሩን መዝገብ ቤታችንን ይዘዋል፤ የአገሩ ገበሬ የድሮ የመሬት መዝገብ በሙሉ እሳቸው እጅ ነው። አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ይዤ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

«መዝገቦቹን በምን ሥርዓት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እንደየታቦቱ ነዋ!»

ቅጹን አየሁት። በፊደል ተራ፣ በቁጥር፣ በዓመተ ምሕረት ይላል። ታቦት የሚል የለም። እኔም ግራ ቀኝ ሳልል «ሥርዓት የለውም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ምነው ልጄ፣ አለቀ?»

«አለቀ፣ አያ።»

«ሸጋ» አሉና ጋቢያቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ኔትወርክ የሌለበት አገር ነው።

በሳምንቱ እማማ ጥሩ የሚባሉ ባልቴት ከድብ ባሕር በኩል መጡ። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ ግማሽ ማሳቸውን አርሶባቸዋል፤ በማግሥቱ ችሎት አላቸው፤ የልኬት መዝገቡ ካልተገኘ መሬቱ ሄደ ማለት ነው። በስማቸው ፈለግሁ። በባላቸው ስም ፈለግሁ። በዓመተ ምሕረት ፈለግሁ። እስከ ቀትር ድረስ ያገኘሁት አቧራ ብቻ ነው።

«ምን ታተራምሳለህ ልጄ? ደብሬ ሚካኤል ነው እኮ።»

«እማማ፣ የጠየቅሁት ስምዎን ነው።»

«አሥራ ሁለት ላይ ነዋ!»

ገፋ አድርገውኝ ገቡ። መደርደሪያዎቹ ሠላሳ ናቸው፣ እንደ ወሩ ቀን። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ልደታ አንድ፣ አቦ አምስት... አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ መዝገባቸውን መዘዝ አደረጉት። የሙስሊሞቹ መዝገብ ደግሞ በገበያ ቀናቸው ነው አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ አታውቁም እንዴ?»

በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ኮፒ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ዋናውን በገዛ እጃቸው ቦታው መለሱት።

ሮጬ ለኃላፊያችን ነገርኩ። ኃላፊያችን ቅጼን አወጣና «ሥርዓት የለውም ብለህ የፈረምከው ማን ነህ?» አለኝ። እኔ ነኝ። ስለዚህ በፊርማዬ መሠረት ሠላሳውም መደርደሪያ ተገልብጦ በአዲስ ኮድ ተደረደረ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ የፈጠነ ነገር አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን እማማ ጥሩ ተመልሰው መጡ። ዳኛው ኮፒ አልቀበልም፣ ዋናው ይቅረብ ብሏቸዋል። ቀጥ ብለው አሥራ ሁለት ላይ ሄዱ። የተሞሉ ቅጾቼ ተደርድረው ጠበቋቸው።

«የት ወሰዳችሁት?»

«በኮድ ነው እማማ። የኮዱ ማብራሪያ በጽሑፍ ተዘጋጅቷል።»

«የታል?»

ለመናገር አፈርኩ እንጂ ማብራሪያውም ኮድ ተሰጥቶት እዚያው ተደርድሯል።

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከአንደኛው መደርደሪያ፣ ከልደታ ጀመሩ። አስተባባሪውም ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ፣ ከሠላሳኛው ተነሥቶ ወደሳቸው ይፈልግ ጀመር።