የጥቃቅንና አነስተኛ ደስታዎች ሚኒስትር

በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ የሚደሰትበት ነገር አጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ "እስቲ ዓይናችን ይረፍ" ይላል፤ ሲመጣ ደግሞ አምፖሉን እንደ እንግዳ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ ይቀበለዋል። ቶሌሳ እንዲህ ያለውን ሰው አግብቶ የካ አባዶ ይኖራል።

ክብርት ወይዘሮ የሺመቤትን በሆዱ "የጥቃቅንና አነስተኛ ደስታዎች ሚኒስትር" ብሎ ሾሟታል። ክብሪት በአንድ ጭረት ከበራላት "ዛሬ ቀናን" ትላለች። የደረቀ አንሶላ ከገመድ አውርዳ ፊቷን ትቀብርበትና "ቶሌ፣ ና አሽትት፤ ፀሐይ ፀሐይ ይላል" ትለዋለች። ውሃ ሲመጣማ አይጣል ነው። ፎቅ ላይ ስለማይወጣ ጎረቤት ሁሉ የሚቀዳው ከግቢው ቧንቧ ነው፤ እሷ ከበረንዳዋ ሆና ቧንቧው ገና ሲያንኮራፋ እልልታዋን ታቀልጠዋለች።

ቶሌሳ በደህናው ጊዜ ይህን እየሳቀ ያልፈው ነበር። ከዚያ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ ከእብጠቱ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከና ውጤቱን እንዲጠብቅ ነገረው። ቶሌሳ ለማንም እንዳትናገር ሚስቱን አስማላት። ከሥራ በታክሲ ታጭቆ ሲመለስ፣ መንገዱን ሙሉ በሐሳቡ ልጆቹን ያለ አባት ሲያሳድግ ነው የሚደርሰው። እሷ በር ከፍታ "ድንቹ ልጣጩ ሳይበጠስ ተላጠልኝ" ትለዋለች።

አንድ ቀን ብልጭ አለበት።

"የሺ፣ እኔ ልሞት ነው፤ አንቺ ስለ ድንች ታወሪኛለሽ?"

"ድንቹማ ዛሬ የሚበላ ነው" አለችና ሳህኑን አቀረበችለት።

ውጤቱ በደረሰበት ቀን ሐኪሙ "ምንም ክፉ ነገር የለውም፤ በመድኃኒት ይጠፋል" አለው። ቶሌሳ ቤቱ እስኪደርስ እሱ ራሱም አላመነም። በሩ ላይ ቆሞ "ነፃ ነኝ" አላት። የሺመቤት ቢላዋዋን አስቀምጣ በረንዳ ወጣችና እልልታዋን ለቀቀችው። ብሎኩ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቶ አያውቅም።

በሮች ተበረገዱ። ጎረቤት በሙሉ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋውን ሳይቀር ይዞ ደረጃውን ተንደረደረ። ምድር ቤት የምትኖረው ለሊሴ ቀድማ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ጠብታም የለ።

"የሺ፣ የታለ ውሃው?"

"ውሃ አይደለም። ቶሌሳ ታሞ ነበር፤ ተረፈልኝ" አለች የሺመቤት ደረጃውን እየወረደች። ከዚያም ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ለሊሴ ተቆጣች። "ይህን በሆድሽ ይዘሽ ነው በክብሪት ስትደሰቺ የከረምሽው?"

"ታዲያ ቤቱም አብሮት ይታመም?"

ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሁሉም ባዶ ጀሪካኑን አጋድሞ ተቀመጠበትና ቶሌሳን "እንኳን ለዚህ አበቃህ" ሲለው አመሸ። ቶሌሳ ግን ሚስቱን ነበር የሚያየው። እሱ ፍርሃቱን ተሸክሞ በገባ ቁጥር እሷ የራሷን ደብቃ ስትቀበለው እንደከረመች ገና አሁን ገባው። ሰው ፊት እጇን ይዞ የማያውቀው ሰውዬ፣ በጎረቤቱ ሁሉ መሀል እጇን ያዘ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪሄድም አልለቀቃትም።