የገደማ ጠላት

በየሰፈሩ «ገደማ» የሚለውን ቃል የማይታገሥ አንድ ሰው አለ። በእናንተ ሕንፃ ውስጥ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ምናልባት እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው ሰዓት ሲጠየቅ «አሥር ሰዓት ገደማ» አይልም። «አሥር ከአሥራ ሰባት» ይልና የእናንተንም ሰዓት ያያል፣ ተሳስቶ እንደሆነ ሊያርምላችሁ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠና አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ እስራኤል የመጡ፣ አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሃያ አራት ዓመት አረጋውያን ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የአሽቀሎን የእቅጭ ባለሥልጣን። ያኔ አውሮፕላኑ ላይ ስንት ሰው እንደነበር ሲወራ ሌላው ሁሉ «ከሺህ በላይ» ይላል። እሳቸው «ከእኔ እስከ በሩ መቶ ስድስት። ከኋላዬ ያለውን አላየሁም» ይላሉ። በልጃቸው ሠርግ ላይ የአዳራሹ ኃላፊ አራት መቶ እንግዳ ገብቷል ቢላቸው፣ በነጠላቸው ተሸፋፍነው በር ላይ ቆመው ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ቆጠሩ። ሲጋራ ለማጨስ ወጥቶ የተመለሰውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆጠሩት።

እንዲህ ያለ ሰው የት ይጠቅማል ብዬ አስብ ነበር። ኦሬን አገኘላቸው።

ኦሬን የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ስለ ወፎች የሚያጠና። በየመጸው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩትን ንስሮችና ጭልፊቶች የሚቆጥሩለት ጡረተኞች ፈልጎ፣ እኛን ሁለታችንን ከከተማችን ብሔራዊ ፓርክ በስተ ደቡብ ያለ የአሸዋ ኮረብታ ላይ አስቀመጠን። እትዬ ሙሉእመቤት በሩቅ ማያ መነጽር አይተው ይቆጥራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ኦሬን ዘዴውን አስረዳን። ወፎቹ ሞቃት አየር ላይ ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ተሰልፈው ሲወጡ አሥር አሥሩን እያደረጉ መቁጠር ነው።

«አሥር አሥር ሆነው አልተወለዱም» አሉት። «አንድ አንድ ነው የተፈለፈሉት።»

«እማማ፣ ቤዔሬኽ ይበቃል» አላቸው ልጁ። ቤዔሬኽ በዕብራይስጥ ገደማ ማለት ነው። እትዬ ሙሉእመቤት ዕብራይስጡን አጥርተው ባይናገሩም ይቺን ቃል ያውቋታል፤ በሁለቱም ቋንቋ ይጠሏታል።

አንድ ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ንስር ካለፈ በኋላ አንዱ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሰሜን ተመለሰ።

«አንድ ቀንስ» አሉኝ።

«ነገ ያልፍ የለም እንዴ?»

«ነገ ሲያልፍ ነገ ይጻፋል።»

ሌላ ቀን መጸዳጃ ቤት ደርሰው እስኪመለሱ «ጭልፊት፣ 60 ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። ተመልሰው አነበቡት፣ ላጲስ ተቀብለውኝ አጠፉት፣ ሁለት ቀን አላነጋገሩኝም። ቁጥር ሲጠሩ ብቻ ድምፃቸውን ሰማሁ።

ከዚያ የጥቅምቱ ማክሰኞ መጣ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ ንስሮቹን ወደ ባሕሩ ገፍቶ በቀጥታ በላያችን አመጣቸው። አሥር ከሃምሳ ላይ እትዬ ሙሉእመቤት አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አራት ደርሰዋል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ያዞረኝ ነበር፣ ግን አልነገርኳቸውም፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ብለው ይጠይቁኛላ። ውኃ ላመጣ ብድግ ስል አሸዋው ወደ ፊቴ መጣ።

ዓይኔን ስገልጥ ተንበርክከው አንገቴ ላይ ሁለት ጣታቸውን አሳርፈዋል። የሚያዩት የእጅ ሰዓታቸውን ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከራሳቸው በላይ ንስሮቹ አንዱ የአንዱን ጭራ ተከትሎ ይተማሉ፤ በዚያ ኮረብታ እንደዚያ ሲበዙ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል።

«እያለፉ ነው እኮ» አልኩ።

«ዝም በል፣ አታሳስተኝ» አሉኝ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ኦሽራት የምትባል ልጅ ወርዳ የልብ ምቴ ቤዔሬኽ ስንት እንደነበር ጠየቀች። እትዬ ሙሉእመቤት የወፍ መቁጠሪያውን ወረቀት ገልብጠው ሰጧት። ከጀርባው በደቂቃ በደቂቃው ተጽፏል፦ 34፣ 36፣ 71፣ 70፣ 33 እያለ ይቀጥላል። ሃያ አንድ ቁጥር ነው።

ሆስፒታል ስገባ ልቤ ሰባ ሁለት ይመታል፣ እንደ ጎረምሳ። ተረኛው ሐኪም «ፀሐይ ነው፣ ውኃ ጠጣ» ብሎ ሊያሰናብተኝ ነበር። ወረቀቱን ሲያይ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የልብ ምቴ እየወረደ እየተመለሰ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አልነበረም። ሌሊቱን በመሣሪያ ሲከታተሉኝ አደሩ፤ ወረቀቱ እንዳለውም ምቱ ሁለት ጊዜ ወረደ። ጠዋት ደረቴ ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ገጠሙልኝ። ሐኪሙ ያንን የጻፈው የትኛው ክፍል ባልደረባ እንደሆነ ጠየቀኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሙሉእመቤትና ኦሬን ሊጠይቁኝ መጡ። ኦሬን ስለ ጤናዬ ጠየቀና ወዲያው ከሐኪሙ የተቀበለውን የወፍ መቁጠሪያ ወረቀት አወጣ። ከወቅቱ ሁሉ ወፍ የበዛበት ቀን መሐል ላይ ባዶ ነው።

«እማማ፣ አራት መቶ እንበል። ማንም አይጠይቅም።»

«አላየሁም።»

«ከላይዎ ነበሩ እኮ።»

«ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር።»

«ባዶ መላክ አልችልም። የሆነ ነገር መጻፍ አለብኝ።»

እትዬ ሙሉእመቤት እስክሪብቶውን ከእጁ ወስደው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ በአማርኛ ጻፉ። ኦሬን አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ ለእኔ ሰጠኝና ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦

«ከ10፡52 እስከ 11፡14 አልተቆጠረም። ሰው እየቆጠርኩ ነበር።»

ኦሬን እስክሪብቶውን መልሶ ተቀበለ። ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና እንዳለ ላከው። እኔም ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ኖሬ ማንም እንዲህ ቆጥሮኝ አያውቅም።