የእትዬ ጽጌን መጥበሻ ለጾም ሳነጻው

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በዐቢይ ጾም፣ ለሰባት የማኅበር እናቶች፣ ደም ደም የሚል ወጥ አቀረብኩ!

እኔ! ቅቤ የነካ ማንኪያ ለብቻው በፌስታል አስሬ የማስቀምጠው እኔ!

ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ላፍቶ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ስኖር ሁለት ዓመቴ። እዚህ ዘመድ የለኝም። ባለፈው ክረምት አራት ቀን ታምሜ ስተኛ በሬን ያንኳኩት አከራዬ እትዬ ጽጌ ብቻ ነበሩ።

እሳቸው ያሉበት የማርያም ማኅበር ውስጥ ለመግባት የጓጓሁትም ለዚህ ነው። ከገባችሁ ሰባት እናት አላችሁ ማለት ነው። ብትታመሙ ይመጣሉ። ብትሞቱም ይመጣሉ!

የዛሬው ተራ የእትዬ ጽጌ ነበር። ትናንት ጠሩኝና "ህይወት፣ የነገውን ስልስ አንቺ ሥሪልኝ። ይቅመሱልሽና ይወዱሻል" ብለው ያንን ጎድጓዳ የብረት መጥበሻቸውን አስታቀፉኝ። ካስት አይረን የሚሉት ነው። ማንሳቱ ራሱ ጂም ነው።

ውስጡ ጥቁር። የሚያብለጨልጭ ጥቁር።

እኔ ምን አልኩ? "ይሄ የስንት ዓመት የጥብስ ቅባት ነው! በዚህ ላይ የጾም ወጥ? በፍጹም!"

በሽቦ ፈተግኩት። በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ፈተግኩት። በሎሚ አሸሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ጥቁሩ ተልጦ ግራጫ ብረት ብቅ ሲል "ተመስገን" አልኩ። ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ፣ አትሳቁ።

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በጠዋት ጣድኩ። ሽንኩርቱ ገና ከመግባቱ ልጥፍ! እየፋቅኩ አማሰልኩት። መካኒሳ ድረስ ሄጄ የመረጥኩትን ሁለት ኪሎ ቲማቲም ጨመርኩ። እንዲጣፍጥ ብዬ ሎሚም ጨመቅኩበት። ከዚያ እዚያው መጥበሻው ላይ ከድኜ ተውኩት፤ እናቶች ከቅዳሴ የሚመጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነዋ።

ቀመስሽው ወይ ትሉኛላችሁ። ጾመኛ ነኛ! ከዘጠኝ በፊት እንዴት እቀምሳለሁ?

ክዳኑን ስከፍት መልኩ ጠቁሯል። "በርበሬው ጥሩ ቢሆን ነው" ብዬ አለፍኩት።

ጸሎት ተደረገ። ተቆረሰ። ተጎረሰ።



የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ፋናዬ ቀስ ብለው አላመጡና "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ደም ደም ይላል" አሉ።

ደም! በጾም!

አጠገባቸው ያሉት እናት እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። ሌላዋ አማተቡ።

"ኧረ እትዬ! መጥበሻውን እንኳ ከጥብሱ ቅባት አንጽቼ ነው የሠራሁበት!" አልኩ። በኩራት ጭምር!

እትዬ ጽጌ ዞር አሉ። "የምን ጥብስ?"

ጓዳ ገብተው መጥበሻውን አመጡት። ግራጫ። ጠርዙ ላይ ዝገት ጀማምሮታል።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የጾም መጥበሻዬ ነው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ጥቁሩ ዘይት ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠራሁበት ቁጥር ዘይት እያሸ እሳት ላይ ያደርቀው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት።"

የአሥራ ስምንት ዓመቱን እኔ በሁለት ሰዓት!

ለካ ብረቱን ከምግቡ የሚለየው ያ ጥቁር ነው። እሱ ከተላጠ ቲማቲሙና ሎሚው ብረቱን ይበሉታል፣ እኛ ደግሞ እነሱን እንበላለን።

አለቀስኩ። ጭልፋ ይዤ፣ እዚያው ቆሜ። ማኅበሩም ቀረ፣ እትዬ ጽጌም ቀሩብኝ ብዬ።

እትዬ ፋናዬ እንጀራቸውን ቆርሰው እንደገና አጠቀሱ። "ጾም ነው እኮ፣ ምላሳችንን ልናስደስት አልመጣንም። ብሉ እንጂ! ለደም ማነስም ሳይሻል አይቀርም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የተሰበሰቡት እጆች ወደ ትሪው ተመለሱ።

እትዬ ጽጌ ግን አልሳቁም። መጥበሻውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ዳበሱትና እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ውሰጂው። ዘይት እየቀባሽ እሳት ላይ አድርጊው። ሽንኩርት የማይለጠፍበት ቀን ስምሽን ማኅበሩ ላይ እናስገባለን።"

ይሄው ሦስተኛውን ዙር ቀብቼ ቤቴ በጭስ ታፍኖ ነው የምጽፍላችሁ። ሽንኩርት ገና አልሞከርኩም፤ ፈርቼ።

"እትዬ፣ ይሄ ጥቁር ምንድነው?" ብሎ መጠየቅ አምስት ሴኮንድ አይፈጅም ነበር። ያልጠየቅኩት ደግሞ ስለማፍር አይደለም። ከእሳቸው የበለጠ ጾም የማውቀው እኔ ስለመሰለኝ ነው።

እና ንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ ምን ልበል? "አባ፣ መጥበሻ አጠብኩ"?