የቡልቡላው መብረቅ አዳኝ

መብረቅ ሲብለጨለጭ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አማትቤ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት እነቅላለሁ። ጎረቤቴ ደረጀ ግን ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ኮንዶሚኒየማችን አናት ይሮጣል። ብቻውን ቢሮጥ ምን ነበረበት? እኛንም ይቀሰቅሳል! ይህ ሰው እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?

ትናንት ማታ ዝናቡ እንዳባራ በሬን ደበደበ። «ጋሼ፣ ቶሎ ይውጡ! በረዶ አገር ብቻ የሚታየው የሰማይ ብርሃን ሰፈራችን ቡልቡላ መጣ!»

ተከትዬው አናቱ ላይ ብወጣ፣ እውነትም ደመናው አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አረንጓዴ እየሆነ ይርገበገባል። ደረጀ ካሜራውን ደግኖ ፎቶ አነሳ፤ ያነሳውንም ወዲያው ለዓለም ሁሉ ለቀቀው። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ተንበረከክሁ።

ይሄኔ ብርሃኑ ድርግም አለ። ፊት ለፊታችን ካለው ጅምር ፎቅ ጫፍ አንድ በያጅ ጭምብሉን ገልጦ ጮኸ፦ «ወንድሜ፣ ለኔም ላክልኝ! ስበይድ ፎቶ ያነሳኝ ሰው የለም!»