ቃሉን የማያጥፍ ሰው ጥርሱን ሲያመው

እናንተዬ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ደግ ነው ያለው ማነው? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ሊያሳብደኝ ነበር።

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት መርከዝ ክሊታ አስተርጓሚ ነበርሁ። አንዲት ተመራማሪ ሼኤሎን የሚሉትን የጥያቄ ወረቀት ይዛ መጣች። የሰው ጭንቀት ልትለካ!

"የሚያምዎት ነገር አለ?" አለቻቸው ከመጤዎቹ አንዱን ሽማግሌ፣ አባባ ይርጋን።

"ተመስገን፣ ምንም የለም።"

"እንቅልፍስ?"

"ተመስገን።"

በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ሰው ሁለቴ ተጠይቆ ያንኑ ከመለሰ፣ መለኪያው ታማኝ ነው ይባላል። የአባባ ጉንጭ ግን እንደ ሰንበት ዳቦ ኩፍ ብሏል። ጥርሳቸው ሦስት ቀን አላስተኛቸውም።

"የሚያምዎት ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

"እንቅልፍስ?"

"ተመስገን።"

"ኧረ አባባ፣ ጥርስዎስ?" አልሁ በሹክሹክታ።

"ዝም በል! ደግማ የምትጠይቀኝ ቃሌን ልታስለውጠኝ አይደል? አገር ቤት ዳኛውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። በሽምግልናዬ ቃሌን አላጥፍም!"

ልጅቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ "መጹያን!" አለች፤ ግሩም ማለቷ ነው። አንድም መልስ አልተዛነፈም። ታማኝማ ነው! እውነት ነው ወይ ያለ የለም እንጂ። ያበጠውን ጉንጭ ቀና ብላም አላየች፤ ወረቀቱ ላይ የለማ!

እሷ እንደ ወጣች አባባን እየጎተትሁ ኩፓት ኾሊም የሚሉት ጤና ጣቢያ አደረስኋቸው። የጥርስ ሐኪሙ "ያምዎታል?" ሲል ተረጎምሁላቸው።

አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ባለፈው ምን ብለን ነበር?"