ሁሉን የሚያውቁት ተቆጣጣሪና ሃያ ስድስቱ ዶሮዎች

ሰው ቤት ሲከራይ ውሃና መብራት መኖሩን ይጠይቃል፤ ጣሪያው እንደማያፈስ ቀና ብሎ ያያል። ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት መኖር አለመኖሩን ግን ማንም አይጠይቅም። መጠየቅም አያስፈልግም፤ አለ። የትም ብትሄዱ ከእናንተ ቀድሞ ገብቶ፣ ክንዱን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ዕቃችሁን ስታወርዱ "አልጋው በዚያ በር አይገባም" ሊላችሁ ይጠብቃችኋል።

የኛው ክቡር ተቆጣጣሪ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ውስጥ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ደመወዙ ቆመ እንጂ ሥራው አልቆመም። ዛሬም ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ እጁን ያያሉ፣ ከዚያ ፊቱን። አናጢውን የሚስማር አያያዝ፣ ነርስ የሆነችውን ባለቤቴን የመርፌ አወጋግ፣ እኔን የማተሚያ ቤት አራሚውን ደግሞ የነጠላ ሰረዝ አጣጣል ያስተምሩናል። ዝናብ ሲጥል "ብዬ ነበር" ይላሉ። ሲቀርም "ብዬ ነበር"። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ስታረግዝ "ወንድ ነው፣ አትጠራጠሪ" አሏት፤ ሁለት ሴቶች ስትገላገል ደግሞ "አንድ እንደማይሆን ብዬ ነበር" አሉ።

እንግዲህ እኚህ ሰው የሥጋ ዶሮ ማርባት ጀመሩ። ጓሯቸው ውስጥ በቆርቆሮና በሽቦ ወንፊት ቤት ሠርተው አርባ ጫጩት አስገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤት ተራ ስንጠብቅ እንኳ ስለ ዶሮ ኩስ ቀለም ሰፊ ማብራሪያ ይሰጠን ነበር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ጥቂት ቀን ስትሰማ ሰንብታ፣ "እኛም ጓሮ አለን፤ ለምን አንሞክርም?" አለች።

"እሺ" አልኩ፤ "ግን ለተቆጣጣሪው እንዳትነግሪ።"

አልነገረችም። ጫጩቶቹን በካርቶን ይዤ ገብቼ የግቢውን በር ሳልዘጋ እሳቸው ከኋላዬ ቆመዋል።

"ስንት ናቸው?"

"ሃያ አምስት።"

"ተቆጥረዋል?"

"ሻጩ ቆጥሮልኛል ጋሼ።"

"ሻጭ ቆጠረ ይባላል?" ካርቶኑን ከፍተው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሃያ ስድስት ሆኑ። ክቡርነታቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "አየህ? ያለ ትኬት የገባ አለ!"

ከዚያ በኋላ ግቢያችን የሳቸው መስመር ሆነ። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ይገባሉ፤ ስመለስ ይወጣሉ። የማሞቂያውን አምፖል ከፍ ሳደርግ ዝቅ ያደርጉታል። "ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ግድግዳ ከያዙ ሞቋቸዋል። ጫጩቱ ይነግርሃል፣ አንተ ነህ የማትሰማው" ይሉኛል። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሰጋቱራ በእጃቸው ጨብጠው "ይኼ እርጥብ ነው" ይሉና ያስጠርጉኛል። የሚያናድደው ደግሞ እርጥብ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ሚዛን ይዘው ይመጡና የኛን ዶሮዎች ከራሳቸው ዶሮዎች ጋር ያወዳድራሉ። በአምስተኛው ሳምንት የኛዎቹ በልጠው ሲገኙ ሚዛኑን ገለበጡት፣ ነፉበት፣ በመጨረሻም "ተበላሽቷል" ብለው ይዘውት ሄዱ። ለአራት ሳምንት ግን ልክ ነበር።

ባለቤቴ ቻለቻቸው፤ በሽተኛ የለመደች ሴት ናት። እኔ አልቻልኩም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የዶሮ ቤቱን በር ነቅለው፣ ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረውን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርገው እየገጠሙት አገኘኋቸው። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ፊደል ተገድፎ ታትሞ፣ ጥፋቱ በእኔ ተላክኮ ነው የመጣሁት።

"ጋሼ" አልኩ፤ "ዶሮዎቹ የኛ ናቸው። በሩም የኛ ነው። ከዛሬ በኋላ ስንጠራዎት ብቻ ይምጡ።"

የመጨረሻውን ሚስማር መትተው ጨረሱ።

"መልካም" አሉ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ሙቀቱ እየመጣ ነው። ከረፋድ በኋላ መኖ አንሱላቸው። የጠገበ ዶሮ ሙቀት አይችልም" አሉና ሄዱ።

መኖውን አላነሳንም። የማላነሳበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እሳቸው ስላሉት ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አጥሩ ላይ ክንድ አልታየም። ባለቤቴ "ሰውዬው ተቀይመዋል" አለች። "ይቀየሙ" አልኩ።

በአራተኛው ቀን ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት የምትበሳ ሆነች። እኩለ ቀን ላይ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወረቀቱ ከክንዳችን ላብ ጋር እየተጣበቀ አስቸገረን። ከማሽን ሠራተኞቹ አንዱ "በዚህ ሙቀት እንኳን ሰው ዶሮም አይተርፍ" ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ብድግ አልኩ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ቤት ሰው የለም። የስድስት ሳምንት የሥጋ ዶሮ ደግሞ ያየው ሰው ያውቀዋል፤ ደረቱ ከእግሩ አቅም በላይ ያደገ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚቀመጥ፣ ሲሞቀው ማላብ እንኳ የማይችል ፍጡር ነው። አስፈቅጄ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከጓሮ ድምፅ ይሰማል።

"ተነሱ! ተነሱ እንጂ! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ነፋስ ይግባ! አንቺ ወፍራሟ፣ መተላለፊያ አትዝጊ!"

ክቡር ተቆጣጣሪ በካኔተራ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በመጥረጊያ እንጨት ዶሮዎቹን ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ያስነሳሉ፤ ሆዳቸው ሥር የታመቀው ሙቀት እንዲወጣ ነው። ሽቦው ላይ ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ ተሰቅሏል። ከቆርቆሮው ላይ የተረጨው ውሃ ይንጠባጠባል። መኖው ወጥቶ ውጭ ተቀምጧል። በሩ ወለል ብሎ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሥሩ የወደቁት ዶሮዎች አያስከፍቱም ነበር።

"ጋሼ…" አልኩ።

"ባልዲ ያዝ" አሉኝ ሳይዞሩ።

ያዝኩ። አንድ ሰዓት ያህል ውሃ አመላለስኩ። ሁለቱ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል። የቀሩት ሃያ አራቱ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያለከልኩ ቆይተው፣ ቀስ በቀስ አፋቸውን መግጠም ጀመሩ። ይኼኔ ከአጥሩ ማዶ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ።

"አንተ ሰውዬ! ኧረ ና! እነዚህኞቹ ወደቁ!"

መጥረጊያውን ጥለው ሮጡ። ተከትያቸው ሄድኩ። እትዬ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ጆግ ይዘው ዶሮ ቤቱ መሃል ቆመዋል። ሽቦው ራቁቱን ነው፤ አንድም ጆንያ የለበትም። የኛ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ከዚህ የወረደ ነበር።

ካርባው አሥራ አንዱ ሞተዋል።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? የራስዎን ጆንያ…"

የመለሱልኝ እትዬ ናቸው። "እነሱ ቤት ሰው የለም፤ እኛ አለን አለ። ውሃ እየረጨሽ ቆዪ፣ አሁን እመለሳለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

እሳቸው ከሞቱት አንዱን አንስተው ክንፉን ገልጠው አዩት። መልሰው አስቀመጡት።

"የኔዎቹ የሚችሉ መስሎኝ" አሉ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ደግሞ፣ "አላወቅኩም።"

ስድስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ይህን ቃል ካፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ቀን ብሰማው ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። አላለኝም።

"ያን ቀን ለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ" ስላቸው፣ "ሳይሸቱ እንቅበራቸው" አሉኝ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ ቆመው ጥልቀቱ ይበቃል አይበቃም ሳይሉ አስጨረሱኝ። በማግስቱ ባለቤቴ ከኛዎቹ ስድስቱን ወስዳ ሰጠቻቸው፤ ሳይመዝኑ ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ዝም አሉ። ዝናቡ መጣ፤ ይመጣል ያለ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ሁለት ወር ሰላም ሆነ፤ ሰላሙ ግን በሽተኛ የተኛበት ቤት ዓይነት ሰላም ነበር። አናጢው አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ።

"ሰውዬው አመማቸው እንዴ? ትናንት መስኮት ጠማማ አድርጌ ስገጥም እያዩ አለፉኝ።"

"ጠማማ መሆኑን ካወቅህ ለምን ገጠምከው?"

"ይናገራሉ ብዬ ነዋ!"

ሁለተኛውን ዙር ጫጩት ልናስገባ ስንል ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። የጫጩቱ መኖ ወደ ማሳደጊያው የሚቀየረው በስንተኛው ቀን ነው?"

መልሱ የመኖው ከረጢት ላይ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ታትሟል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ እኔም እንደማውቅ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

"ግባ" አሉ። "ተቀመጥ። ይኼ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።"

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከተናገሩት ግማሹ ስህተት ነበር፤ አንዱንም አላረምኩም።